ነፍስ የሌለው ስኮርታ

አሜሪካን አገር የሚኖር የእህት ልጅ አለኝ። ኔቫዳ ውስጥ ብላክ ሮክ ከሚሉት በረሃ መሐል በየዓመቱ ሰባ ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ሰው ያቃጥላል። በዓሉን «በርኒንግ ማን» ይሉታል፤ የእህቴ ልጅ ሄዶበታል። ይህን ለአክስቴ ስነግራት፣

«ደመራ ነዋ!» አለችኝ።

«ደመራ ቢጤ ነው፣ እትዬ።»

«ሰውየው ግን ምን አጥፍቶ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ሰኞ ዋለ። የመድኃኔዓለም ዋናው ዕለት መጋቢት 27 ቢሆንም ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚገባ፣ ድግሱም እልልታውም ለጥቅምቱ ነው። አክስቴ መንዝ፣ አርባራ መድኃኔዓለም የምታገባው ስለት ነበረባት። እኔ ደግሞ ቪትዝ ነበረችኝ። መንገድ ልንወጣ ነው ብዬ ለእህቴ ልጅ ብጽፍለት፣ እሱ ወደ በረሃው ሲሄድ የያዘውን ዝርዝር ላከልኝ። ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር ገደማ ውሃ፣ የአቧራ መነጽር፣ የፀሐይ ቅባት፣ ስኮርታ፣ ክሪክ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። ይኼን የመጨረሻውን እንኳ የመንዝ ኮረኮንች ያለማንም ትእዛዝ ያስከብረዋል።

እኔ የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞላሁ። ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ፣ እንደ አሻንጉሊት የሚያምር ክሪክ ገዛሁ። መነጽሩን አክስቴ ላይ ሞከርኩና ወዲያው መለስኩት። የእሷ ዝርዝር ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በርኖስ፣ ቆሎ፣ በጊዜ።

«በጊዜ ማለት ስንት ሰዓት ነው?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት የሚያስገባ።»

እሑድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ስለሆነ የሚወራለት ነገር የለውም። ሸኖ ላይ ብቻ አንድ አይሱዙ፣ ጀርባው ላይ ምእመናን እንደ ጤፍ ነዶ ተከምረውበት፣ ክላክሱን እያምባረቀ ጥሎን ሄደ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃኢዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ለጌጥ እንዳልሆነ፣ ስለ ሾፌሮች ሕሊና ማጣት፣ በጭነት መኪና ሰው ስለመጫን እስከ ጫጫ ድረስ ለአክስቴ አስረዳኋት። እሷ ቆሎዋን ትቆረጥማለች።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ተቀበለን። ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ሳይደረስ መንገዱ ወደ ግራ፣ ወደ መዘዞ ይታጠፋል፤ እኔ ግን እንኳን መታጠፊያውን የራሴን ኮፈን ማየት አቃተኝ። ረጅሙን መብራት አበራሁ። ፊታችን ነጭ ግድግዳ ሆነ።

«ዝቅ አድርገው!» አለች አክስቴ። «ጉም ውስጥ ፋኖስ ከጉልበት በታች ነው የሚያዝ።»

ዝቅ አደረግሁት፤ መንገዱ ታየ። መኪና ነድታ የማታውቅ ሴት የመንጃ ፈቃድ መምህሬ ያልነገረኝን ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የቪትዝ አንድ ሺህ ሲሲ ሰባት መቶ ቢሆን ነው። ከኋላ አርባ ሊትር ውሃ ተጭኗል። ግራና ቀኝ ምንጭ እየፈሰሰ ወደ መንዝ ውሃ የጫንኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ጓሳ ሜዳ ላይ ጭላዳዎች መንገዱን ዘጉት። ሣራቸውን እየነጩ፣ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት እንደ ፍሬን መብራት እየበራ፣ አንድ በአንድ ይሻገራሉ። አክስቴ በዚህ ጊዜ የጓሳን ነገር ነገረችኝ። አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። ሣሩንም ልጆቻቸው 400 ዓመት ያህል በሥርዓት ጠብቀው አኖሩት። ለመንዝ ሰው ጥድፊያ የጠቀመው ያን ቀን ብቻ ነው እያልኩ ሳስብ፣ የመጨረሻዋ ጭላዳ ተሻግራ ነበርና እኔም ተፈተለክሁ። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ የፊት ጎማችን ፈነዳ።

አልደነገጥኩም። ዝርዝር አለኝ! ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቅሁ፣ ክሪኬን በኩራት አወጣሁ፣ ስኮርታውን አወረድኩ። ሲወርድ ቧ ብሎ መሬት ላይ ተኛ። ነፍስ የለውም። ከቤት ስወጣ «ስኮርታ» ከሚለው አጠገብ ምልክት አድርጌ ነበር፤ አየር ስላለው ስኮርታ ዝርዝሩ ያለው ነገር የለም።

አንድ ሰዓት ያህል በርኖስ ተከናንበን ተቀመጥን። የጓሳ ንፋስ ጥቅምት ላይ አጥንት ይፈትሻል። የፀሐይ ቅባቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ አንድ አይሱዙ መጣ። ያው ነው! ደብረ ብርሃን ቁርስ ሲበሉ ቀድመናቸው ኖሯል። ሾፌሩ ሳንለምነው ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ፣ ከፍሬኑ የአየር ታንክ ረጅም ጎማ ቱቦ ስቦ፣ ስኮርታዬን ነፍስ ዘራበት። በእኔ ክሪክ አንሥቶ በአሥር ደቂቃ ገጠመው። ምእመናኑ ከላይ ሆነው በዝማሬ ያጅቡታል።

«እማማ፣ ብርድ መታዎት?» አላት ረዳቱ።

«ምን ይመታኛል፣ ልጄ! ይኼ ልጅ ከሸኖ ጀምሮ እናንተን ሲያማ ነው የቆየ፤ ይቅር በሉት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ንግሡን አልተርከውም፤ ያየ ያውቀዋል። ማታ የገብስ ጠላው ተደጋግሞልኝ «ሌሊቱን ብንነዳ ማክሰኞ ቢሮዬ እደርሳለሁ» ስል አክስቴ ቁልፉን ተቀበለችኝና መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። ከመቀነት ቁልፍ የሚያስፈታ ሕግ የለም። ማክሰኞ ጠዋት መስታወቱ አመዳይ ለብሶ አገኘሁትና የፈላ ውሃ ልደፋበት ስል፣ «ብርጭቆም እንዲህ ይሰነጠቃል» ብላ እጄን ያዘች። ቁልፉ ከመቀነቷ የወጣው ፀሐይዋ አመዳዩን ካቀለጠችው በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ፎሌ አደረግሁት። ሞተሩ ዝም ሲል አክስቴ ቀና አለች።

«ምነው ዝም አለ?»

«ቁልቁለት ስለሆነ ለቀቅሁት።»

«በቅሎ እንኳ ቁልቁለት ላይ ልጓሟ አይለቀቅም።»

ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ቤት ገብቼ ባነብ አክስቴ ልክ ናት። መኪናውን ሞተሩ ከያዘው ፍሬኑ አይግልም። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ደግሞ ማርሽ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ሲሆን ግን ሳያቋርጥ ይጠጣል።

አዲስ አበባ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ዕቃ ሳወርድ ሁለቱም ጀሪካን ሙሉ ነው። ክሪኩ ግን የለም፤ በዚያ ሁሉ ምርቃትና ስንብት መሐል ከአይሱዙው ጋር ሄዷል። ወደ መንዝ የምትሄዱ ሁሉ፣ ስኮርታችሁን ዛሬውኑ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ያን ረዳት ካገኛችሁትም ሰላም በሉልኝ፤ ብርቱካናማው ክሪክ የእኔ ነው።