«ሦስት ቀን አለን» ላላችሁኝ ሁሉ

በዓል ሰኞ ላይ በዋለ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ሦስት ቀን አለን፣ መኪና አለን፣ ወዴት እንሂድ?» ባሌ እላለሁ። ከዓመት ዓመት መልሴ ይኸው ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከስንዴ ማሳ ወደ ውርጭ አምባ አውጥቶ፣ ከአምባው ደግሞ ቡና በዱር ወደሚበቅልበት ጫካ የሚያወርድ ሌላ መንገድ አላውቅም። ባሌ ባልኩ ቁጥር ግን ክርክር ይነሳል። ተከራካሪው ይለዋወጣል እንጂ ክርክሩ ያው ስለሆነ፣ መልሴን አንድ ጊዜ ጽፌ ልረፍ።

«ባሌ ድረስ ከሄድን አይቀር ሶፍ ዑመርን፣ ወንዶ ገነትን፣ ሐዋሳን፣ ላንጋኖን አዳርሰን እንምጣ!»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ አንተ አራት ጎማ አለኝ ብለህ አራት ዛፍ ላይ ልትወጣ ነው። ሶፍ ዑመር ከባሌ ሮቤ በስተምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደርሶ መልሱ ቀንህን ይጨርሰዋል፤ ለተራራው የቀረህ ደግሞ ያው አንድ ቀን ነው። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው ያ ዋሻ ውስጥ ለውስጥ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሙስሊሞች እንደ ቅዱስ ስፍራ ያከብሩታል። ደጁ ላይ ፎቶ ተነስቶ መሮጥ ለእንዲህ ያለ ቦታ አይገባም። የራሱን ጉዞ ስጠው። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ።

«የባሌዋ ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አይደል? በ80 ብንነዳ በአምስት ሰዓት እዚያ ነን!»

ስሌትህ ውስጥ በሬ የለም። ጋሪ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ የቅዳሜ ገበያ የለም፣ በግ እየነዳ አስፋልት የሚሻገር ልጅ የለም። ቁርስም ረስተሃል። ፈጣኑ መንገድ አዳማ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውና የከብት መንገድ ነው፣ መኪና የሚያልፈው እነሱ ዞር ሲሉለት ነው። እኔ ኪሎ ሜትር አልቆጥርም፣ ብርሃን ነው የምቆጥረው። ፀሐይ በቀን 12 ሰዓት ያህል ትሰጥሃለች፤ ከዚያ ላይ ቁርሱን፣ ምሳውን፣ የነዳጅ ሰልፉን ቀንስ። የምትነዳው የተረፈውን ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ቃሊቲን ከለቀቅህ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ዲንሾ ትገባለህ፤ ያውም ሳትጣደፍ፣ ወረድ እያልክ እያየህ።

«እሱማ ዓርብ ከሥራ እንደወጣን እንነሳና ሌሊቱን ስንገሠግሥ አድረን ጠዋት እንደርሳለን።»

አገር ልታይ ወጥተህ አገሩን በጨለማ ታልፈዋለህ? ጭላሎን የሚያህል ተራራ በግራህ ቆሞ ሳታየው ልትነዳ ነው። እሱስ ይቅር፤ ያለ መብራት መንገድ ላይ የቆመ ሲኖትራክ አለ፣ አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ አለ፣ እንቅልፍ ያንገላታው ሹፌር አለ፤ ያ ሹፌር አንተ ነህ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም። ማታ 12 ሰዓት ላይ መኪናህ ግቢ ውስጥ መቆም አለበት።

«በሻሸመኔ ይሻላል፣ የለመድነው መንገድ ነው።»

የለመድከውን ለመመለሻ አስቀምጠው። ስትሄድ በአሰላ፣ ስትመለስ በሻሸመኔ፤ ሁለቱ ዶዶላ ላይ ይገናኛሉ። ርቀታቸው ያን ያህል አይበላለጥም፣ አንተ ግን በአንድ ጉዞ ሁለት አገር ታያለህ። አሰላ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ስትወርድ በቆጂ አለች፤ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ መንደር። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ከዚህ ነው የተነሳችው። ወርደህ ሻይ ጠጣ፣ ትንሽ ዳገት በእግርህ ሞክር፤ እነዚያ ልጆች የት እንደሠለጠኑ እስትንፋስህ ይነግርሃል። ከመኪና ሳይወርዱ በቆጂን አየሁ ማለት አይቻልም።

«ቀበሮ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?»

አዎ፣ ቀበሮ ለማየት! ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበትን አንተ በመኪናህ ትደርስበታለህ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ዕድል ትፈልጋለህ? ዕቅድህን ከቤትህ በር አትጀምር። ሳነቴ አምባ ላይ ከምትቆምበት ጠዋት ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠር። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ የሌሊት አውሬ አይደለም፤ የሚያድነው በቀን ነው። ስለዚህ እሑድ ማለዳ አምባው ላይ ነህ፤ ለዚያ ቅዳሜ ማታ ጎባ ታድራለህ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ዲንሾ ላይ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያህን ከፍለህ፣ አስጎብኚ ይዘህ፣ ከኮሶ ዛፎች ሥር የደጋ አጋዘንና ከርከሮ አይተሃል። በዚህ መሐል ወንዶ ገነት የምትገባበት ቀዳዳ ካለ አሳየኝ።

ከጎባ ሽቅብ ስትወጣ ዛፉ እያነሰ፣ ወደ አስታ ቁጥቋጦ እየተለወጠ ይሄድና ድንገት ያልቃል። 4,000 ሜትር ላይ ሜዳ ይዘረጋል። ከሣሩ በላይ ቀና ብሎ የሚታይ ጅብራ ብቻ ነው። እዚያ ሞተሩን አጥፋ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርግ፣ ዝም በል። ቀበሮው የፍልፈል ጉድጓድ ዘንድ ሲደርስ ባለበት ይደርቃል፤ ጆሮው ወደ ፊት፣ አንድ የፊት እግሩ እንደተነሳ። በሌላ አገር የማይገኘው የባሌ ፍልፈል ዐይኑ ከአናቱ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ በአቅራቢያው ያለውን ሣር ይጎትታል፣ ከጉድጓዱ ሳይርቅ ዙሪያውን ይቃኛል። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ስንዝር በስንዝር ይጠጋል። ፍልፈሉ ሲቃኝ ቀበሮው ይቆማል፤ ፍልፈሉ ሲበላ ቀበሮው ይራመዳል። ከዚያ ይዘላል። አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ አፈር ብቻ አቡንኖ ይቀራል። ለዚህ የሚያስፈልግህ ጊዜ ነው። አንድ ሰዓት ቆመህ ካላየህ ሁለተኛውን ጨምር፤ አራቱን ቦታ ያስተውኩህ ለዚህች ሰዓት ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ በአምባው ማዶ ወደ ሐረና ጫካ ጥቂት ውረድ። በአንድ ቁልቁለት ብርዱ ይቀራል፣ ዛፉ ሰማዩን ይሸፍናል፣ ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም በየቅርንጫፉ ይንጠለጠላል። ማርና የጫካ ቡና ከአገሬው ግዛ፤ ብሩ ለሚጠብቁት ሰዎች ይድረስ። ሳይመሽ ጎባ ተመለስ። ይህ ሁሉ ተራራና ጫካ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እኛ ግን ዛሬም «ባሌ ምን አለ?» እንላለን።

«እኔ ከቨርጂኒያ ዛሬ ገባሁ፣ ነገ ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ አውጡኝ።»

እንኳን ደህና መጣህ! ሳንባህ ግን ገና ከአውሮፕላን አልወረደም። የኖርክበት አገር ለባሕር ጠለል ቅርብ ነው፤ ሳነቴ አምባ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። መኪና አናቱ ድረስ ስለሚወጣ ሰው ይታለላል፤ ሰውነት ግን እንደ መኪናው በአንድ ጠዋት አይወጣም። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘመድ ጥየቃህን አስቀድም። እናትህ ቡና እያፈላች ስታስቀምጥህ 2,400 ሜትር ላይ እያለማመደችህ ነው። ከሳምንት በኋላ ና፤ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ይዘህ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

«መንገዱስ ሰላም ነው?»

ይህን የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ከሁሉም የሚበልጠውን ጥያቄ ጠይቀሻል። መልሱን ከእኔ አትውሰጂ፤ ትናንት ያለፈ ሹፌር ይንገርሽ። የምታርፊበት ሆቴል ደውዪ፣ መናኸሪያ ሄደሽ የሮቤ መስመር ሹፌሮችን ጠይቂ፤ ሐሙስ ብትጠይቂ ዓርብ ማታ ድገሚ። «አይሆንም» ካሉሽ አይሆንም ነው። ተራራው የትም አይሄድም።

«እሺ፣ ሰኞ ስንመለስ ግን ሐዋሳ ገባ ብለን ዓሣ በልተን እንውጣ። ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ናት።»

25 ሲደመር 25 ስንት ነው? ሐዋሳ ደግሞ «ገባ ብሎ መውጣት» የማይሆንባት ከተማ ናት፤ ፍቅር ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሰው ቶሎ አይነሳም። ስትነሳ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፣ ሞጆ ሳትደርስ ይመሻል፣ ሦስት ቀን ስትጠብቀው የነበረውን ሕግ በመጨረሻው ሰዓት ታፈርሰዋለህ። ዓሣ ከሆነ የፈለግኸው ዝዋይ መንገድህ ላይ ናት። ቆሮሶውን ሐይቁ አጠገብ በዳጣ በልተህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ በብርሃን አዲስ አበባ ግባ።

አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም፣ ተከራክራችሁኝም ሳትከራከሩኝም ለምትሄዱ። ከዲንሾ አጠገብ የጋይሳይን ሜዳ ዋናው መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የደጋ አጋዘኑ ከወዲህ ግጦ ወዲያ ይሻገራል። ሳነቴም ላይ መንገዱ የሚያልፈው በቀበሮዎቹ መኖሪያ መሐል ነው፣ በመኪና የተገጨም አለ። ከ500 ውስጥ አንድ ሲጎድል ምትክ አይገዛም። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ከኋላ የሚነፋ መኪና ካለ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፣ እናንተ ግን አትፍጠኑ።