ውዳሴ ሃርድቶፕ

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘርን ሲያወጣ አንድ ከባድ ጥፋት ሠራ፤ መኪናውን ሠርቶ ጨረሰው። እኛ ሃርድቶፕ የምንለው ይህ መኪና፣ በተለይ ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዚ ሞተር የገባለት፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ዘይቴን ቀይሩልኝ፣ ግሪስ አጠጡኝ ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ አያውቅም። ታዲያ እንዲህ ያለ ጭምት ፍጥረት የቅዳሜን ከሰዓት በምን ያስገፋል?

ዘመኑም አገዘ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የሚያስለቅስ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የኖረው ሃርድቶፕ ዋጋው ሰማይ ነካ። ይህን ያህል የከበረ ንብረት ደግሞ ለባዕድ መካኒክ አይሰጥም፤ በገዛ እጅ ነው የሚበላሸው።

አባቶች ሙያ በልብ ነው ይሉ ነበር። አሁን ሙያ በስልክ ሆኗል። አንድ አውስትራሊያዊ በረሃ መሀል ቆሞ መኪናውን ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ ከእራት በኋላ ይታያል፣ በማግስቱ ግራይንደር ይከራያል፣ ሥራው ይጀመራል።

የመጀመሪያው ሥራ ሁልጊዜ ስኖርክል ነው። ያ ከኮፋኖው ጎን ተነሥቶ እስከ ጣሪያ የሚወጣው ጥቁር ቱቦ ሞተሩ ወንዝ ሲሻገር ውሃ እንዳይጠጣ ይከላከላል። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ውሃ የጠጣ የናፍጣ ሞተር ቢየላውን አጣምሞ ነው የሚቆመው። ባለ ሃርድቶፓችን በየዓመቱ የሚሻገሩት ወንዝ ግን ሐምሌ ላይ ቦዩ ሲደፈን አደባባዩ ላይ የሚተኛው ጎርፍ ነው፤ እሱንም ከፊታቸው ቪትዝ አልፋው ሄዳለች። ለማንኛውም ፓራፋንጎው በግራይንደር ተቀደደ። ቀዳዳው ከታሰበው ሰፋ። የሰፋው በቀይ ሲሊኮን ተሞላ። ታች፣ ቱቦው ከማጣሪያው ቤት በሚጋጠምበት ቦታ፣ ልኩ አልገጥም ስላለ በከመነዳሪ ቁራጭ ተጠፈረ። አሁን ሞተሩ ከጣሪያ በላይ ንጹሕ አየር ተዘጋጅቶለት ሳለ በዚያች ክፍተት የፊት ጎማው የሚያነሣውን አቧራ ይምጋል፤ ጎርፍ ቢመጣም በሩ እዚያው ታች ክፍት ነው። ግን ፎቶው ያምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ቀጥሎ ቴርሞስታት ይነቀላል። ለዚህ ግኝት ምስጋናው የባለቤቶቹ ብቻ አይደለም፤ ከአንዳንድ ነባር ጋራዦች የተወረሰ ጥበብ ነው። «ለብርድ አገር የተሠራ ነው፣ እኛን ያሞቅብናል» ይባላል። ይህች ትንሽ ክዳን ሥራዋ ውሃው ወደ 80 ዲግሪ እስኪጠጋ ራዲያተሩን ዘግታ ሞተሩን ቶሎ ማሞቅ፣ ከዚያ መክፈት ነው። ስትነቀል ሞተሩ ጠዋት እስከ እንጦጦ ቀዝቃዛውን ይንገታገታል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ያለጊዜው ያልቃል። የሚያግለው ለካ በቧንቧ ውሃ ዝጎ የተደፈነው ራዲያተር ኖሯል፤ እሱን ማጠብ ግን ቪዲዮ አይወጣውም።

መኪናው ዳገት ላይ ከደከመ ለእሱም መላ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሩብ ያህል ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚያንሰው አየር ነው። ባለሙያችን ግን የፖምፓውን ቡሎን አዙረው ናፍጣ ጨመሩለት። የጎደለው ሌላ፣ የተሞላው ሌላ። ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው፤ እሱም ከኋላ ላለው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ በነፃ ይታደላል።

ባሌስትራውን ማስነሣትና ጎማ ማተለቅስ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር። መኪናው አደገ፣ የፍሬን ቱቦው ግን አብሮ አላደገም፤ መሪው ሙሉ ሲታጠፍ ተወጥሮ ይታያል። ጎማው ከበደ፣ ፍሬን ሸራው ያው የድሮው ነው። በዚህ ሁኔታ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ጸሎት ያውቃል ማለት ነው። ማታ ደግሞ ፖርቶመጋላው ላይ የተደረደረው ፓውዛ ይበራል፤ ከፊት የሚመጣው ሾፌር መንገዱን ሳይሆን መላእክትን ያያል።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ሳይነካ ቀርቷል፦ የፊት እግሮቹ መቆለፊያ። ሱሉልታ ጭቃ ላይ ሲያዝ ባለ ሃርድቶፓችን ወርደው ሊያዞሩት ሞከሩ። ዝጓል፤ ለዓመታት ማንም አላዞረውም። ስኖርክል፣ ዊንችና ፓውዛ የተሸከመው መኪና በሁለት የኋላ እግሩ ብቻ ጭቃውን ሲቆፍር ቆየና አትክልት የጫነ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ አወጣው። ዊንቹን ለምን አልተጠቀሙም የሚል ካለ፣ ባትሪውን ፓውዛው ጨርሶት ነበር።

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት አለች። ቆጣሪው 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ትበራለች፤ የታይሚንግ ቺንጋውን ቀይር ማለቷ ነው። ባለ 31 ኢንች ጎማ ወጥቶ ባለ 33 የገባለት መኪና ደግሞ ቆጣሪው 100 ሺህ ሲል እውነተኛው መንገድ ከ106 ሺህ አልፏል፤ መብራቷ የምትነግረን ዘግይታ ነው። ባለ ሃርድቶፓችን ስትበራ ዓይናቸውን አስቸገረቻቸው። ዳሽቦርዱን ፈቱ፣ አምፖሏን ነቀሉ፣ መልሰው ገጠሙ። ከሠሯቸው ሥራዎች ሁሉ ያለ አንዳች እንከን የተጠናቀቀው ይህ ብቻ ነው።

ያ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጫል፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ መኪናውም ከነስኖርክሉ ይቆማል። እርስዎም አንዱ ከሆኑ አምፖሏን መልሰው ይሰኩ፤ ቺንጋውን ግን እባክዎ ለመካኒክ ይተዉት።