ባለ መስታወት ቤቷ ሸረሪት

በባሕር ዳር የዓመት በዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር መጥረጊያ ከረጅም እንጨት ጫፍ ታስሮ የኮርኒሱ ድር ከነባለቤቱ ስለሚወርድ፣ ሸረሪት ከሰው ጋር ያላት የኪራይ ውል ከበዓል እስከ በዓል ብቻ የሚጸና ነው ማለት ይቻላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ታራንቱላ የተባለችው ግዙፍና ጸጉራም ሸረሪት እንደ ለማዳ እንስሳ ስለምትያዝ፣ ወለሉ የተዘረጋ እግሯን ሦስት እጥፍ ያህል የሚሆን የመስታወት ቤት ይሠራላታል። መሬት ለመሬት የምትኖረው ዝርያ ከከፍታ ብትወድቅ ሆዷ ሊፈነዳ ስለሚችል ጣሪያው ዝቅ ይደረጋል፤ እንድትቆፍርም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ወይም የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ ይነጠፋል፤ መሸሸጊያ የሚሆናት የዛፍ ቅርፊትና ውሃ የማይጠፋበት ትንሽ ሳሕን ይቀመጥላታል፤ ይህንም ከጣና አጠገብ ጄሪካን ይዞ የሚሰለፍ ተከራይ ባያነበው ይመረጣል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምክር ታራንቱላን አይመለከትም፤ ሁለት ታራንቱላዎች በአንድ ቤት ቢገቡ አንዷ ሌላዋን ልትበላት ስለምትችል ደንቡ አንድ ቤት ለአንድ ሸረሪት ነው፤ ይህም የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ገና ያልደረሰበት ደረጃ ነው። ቆዳዋን በምትቀይርበት ሰሞን፣ ገላዋ ለስላሳ ስለሚሆንና ለቀለብ የገባላት ፌንጣ መልሶ ሊነክሳት ስለሚችል፣ ቀለቡም እንግዳውም ይከለከላል። የአንዳንዱ ዝርያ እንስት ከ20 ዓመት በላይ የምትኖር ስትሆን፣ በዚህ ሁሉ ዘመን «ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ» የሚላት አከራይ የለም።