የቅናሽ ትኬት በደጀን፤ መነሻ ጥናት

ኒውዮርክ ውስጥ፣ ታይምስ አደባባይ ላይ ያልተሸጡ የቲያትር ወንበሮችን በዕለቱ እስከ ግማሽ ዋጋ ቀንሶ የሚሸጥ ዳስ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ለንደንም በ1980 የራሷን አቁማለች። ይህ ጥናት ሦስተኛውን ፍለጋ ደጀን ድረስ ወጥቷል፤ በትክክል ለመናገር መጀመሪያ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከዚያ ወጥቷል።

ደጀን የተመረጠችው በሳይንሳዊ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የደብረ ማርቆስና የብቸና–ሞጣ መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት። በረሃውን ጨርሶ ነፍሱ መለስ ያለችለት መንገደኛ አይጠፋባትም፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በትንሽ ነገር ይስቃል።

ዳሱ አልተገኘም። ለዳሱ የሚሆን ቲያትር ቤትም አልተገኘም። ጥናቱ እዚህ ላይ በክብር ሊያልቅ ሲል፣ ማሲንቆ የያዘ ሰው ወደ ተቀመጥንበት ጠጅ ቤት ገባ።

አዝማሪ የናፍቆት ሙዚቃዊ ኮሜዲ ተብሎ ሊመደብ እንደሚገባው ጥርጥር የለውም። ኦርኬስትራው፣ ተዋናዩና ደራሲው አንድ ሰው በመሆናቸው በመካከላቸው የደመወዝ ክርክር አይነሳም። ድርሰቱ የሚደረሰው ተመልካቹ ከተቀመጠ በኋላ፣ በራሱ በተመልካቹ ላይ ነው። ናፍቆቱ ደግሞ ከቅኝቱ ይጀምራል፤ ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱ ስም ራሱ ትዝታ ነው። ስለዚህ አዝማሪው ገና የፈረስ ጭራውን ሲያጠብቅ ግማሹ ቤት የድሮውን ዘመን መናፈቅ ይጀምራል፤ የድሮውን ዘመን ዕዳ የሚናፍቅ ግን አልታየም።

አስቸጋሪው የዋጋው ጉዳይ ነው። መግቢያ በነጻ ነው፤ መውጫው ነው የሚያስከፍለው። ትኬት የለም፤ በትኬት ምትክ ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ከፊት መቀመጥ ውድ ነው፤ በር አጠገብ ርካሽ ነው። እስካሁን የተመዘገበው አስተማማኝ ቅናሽ ማሲንቆው ሲጠጋ ስልክ ጆሮ ላይ አድርጎ «ሃሎ? አይሰማም» እያሉ ወደ ውጭ መውጣት ነው። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የነገረ ሰው ደራሲ ስለሆነ አይከፍልም የሚል መላምትም ከሁለተኛው ብርሌ በኋላ ይሰማል፤ ማስረጃ አልቀረበለትም። ሁለቱንም ዘዴ ያላወቀና አቀርቅሮ ብርሌውን የሚመረምር ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር ይወርድበታል፦

ትኬት ሳይቆርጥ ገብቶ ከፊት ተቀመጠ፣
እጁ ኪሱ ሲደርስ ወኔው ተቆረጠ።

በዘርፉ ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰው ብሔራዊ ባንክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። 2002 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበት የአንድ ብር ሳንቲም ወጥቶ ቀስ በቀስ የወረቀቱን ቦታ ወሰደ። ሳንቲም ግንባር ላይ አይጣበቅም፤ ሙከራው አዝማሪውንም ያስቀይማል። በዚህ መንገድ ዝቅተኛው የመውጫ ዋጋ፣ ማንም ሳይሰበሰብና ማንም እጁን ሳያወጣ፣ ከአንድ ብር ወደ አምስት ብር ዘለለ። በ2013 መስከረም ደግሞ ባለ ሁለት መቶው ኖት መጣ፤ እሱን የለጠፈ ሰው እስከ አያቱ ድረስ ይወደሳል። የመልስ ጉዳይ ክፍት ነው። ከግንባር ላይ መልስ የተቀበለ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ትኬት ወደ አገራችን ሲገባ የተለወጠው ይኸው የግንባር አከፋፈል ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው ትልቁ አዳራሽ በ1948 በንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ተከፈተ፤ ተመልካቹም በር ላይ ከፍሎ ጨለማ ውስጥ መቀመጥን ለመደ። በእኔ አስተያየት ትኬት ማለት ስም ላለመነሳት የሚከፈል መድን ነው። በር ላይ የከፈለን ሰው ተዋናዩ መድረክ ላይ ሆኖ «አንተ ባለ ኮቱ» ሊለው አይችልም።

ይህ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ»ንም አዲስ ብርሃን ያለብሰዋል። የአገራችን የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለው ይህ የአውሬዎች ኮሜዲያ ሹማምንቱን ነክቶ በዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ፖለቲካ ይሉታል። ይህ ጥናት ግን ጥፋቱን ከአከፋፈሉ ያገኘዋል። ያው ስላቅ በማሲንቆ ቢመጣ ኖሮ መኳንንቱ ገና በሁለተኛው ስንኝ አንድ አንድ ጠገራ ብር ይወረውሩ፣ ጅቡም በሦስተኛው ስንኝ አንበሳ ይሆን ነበር። ተውኔት መሐል ላይ አይታጠፍም፤ የታተመውን ይጨርሳል።

ቀሪው የመስክ ወጪ ነው። የላከን መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ ጠይቆ ነበር። አዝማሪው ሳያቅማማ ሁለት ስንኝ ደረሰኝ ሰጥቷል፤ የሒሳብ ሹሙ ስም ስለተነሳበት ግን ከፋይሉ ጋር አልተያያዘም።