ማን ያይሻል ልጄ?

ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ መርሳ ግብርና ኮሌጅ ይማራል። የላም ጡት በሽታ ሲያጠና አያፍርም፤ የሰው ጡት ስለው ግን እስክሪብቶው ይቆማል። ጻፍ ብዬዋለሁ። ሰባት ልጅ ያጠባሁት እኔ ሳላፍር አንተ ምን ቤት ነህ?

ነገሩ የ2009 ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱም መጣ፣ መንገዱም ተዘጋጋ፤ እኔ ግን ቂሜን አልረሳሁም። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ የዓመት ፈቃድ ወጥታ ባሏንና ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ያኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። አላህ ያሳድገው፣ ጥርሱ ሙሉ፣ አፉ የጠበቃ። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል፤ ይሄኛው ግን አያለቅስም፣ ማመልከቻ ነው የሚያስገባ። «እማዬ፣ አሁን ግራውን ስጪኝ፣ ቀኙ ደክሞታል» ይላል። ወላሂ እንዲህ ነው የሚለው።

እሱ ባላስከፋኝ። ያንገበገበኝ የእናቱ ነገር ነው። ልጁ ጡት ባለ ቁጥር እንደ ሌባ ዙሪያዋን ታያለች። ከቦርሳዋ ትልቅ ሻርፕ ትመዛለች፣ አንገቷ ላይ ትቋጥራለች፣ ልጁን እውስጡ ትከተዋለች። ልጁ ይሞቀዋል፤ ይራገጣል። ሻርፑ ይገለጣል። አባቱ ዘሎ ጫፉን ይይዛል። መርሳ መንገድ ዳር ፓፓያ ልንገዛ የቆምን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ እኛን ማየት ያዘ። ምን ይፈረድባቸዋል? በአንድ ሻርፕ ውስጥ ሁለት ሰው ሲታገል ማን አይቶ ያልፋል? ፓፓያ ሻጯ ደግሞ እዚያው አጠገባችን አንድ ጡቷን አውጥታ ልጇን እያጠባች፣ በሌላው እጇ ትመዝናለች፣ ብር ትቀበላለች፣ ትመልሳለች። እሷን ማንም አላያት። እኔም ማጥባቷን ያወቅሁት መልሴን ልቀበል ጎንበስ ስል ነው።

በማግስቱ ሲሪንቃን አልፈን ወልዲያ ገባን። አማቼ የኳስ ሰው ነው፤ ያን ዓመት ጥር ላይ የተመረቀውን የሼህ መሐመድ አል አሙዲን ስታዲየም ካላየሁ አለ። 25 ሺህ ሰው ይይዛል ብሎ እሱ እንደሠራው ሁሉ ሲያስረዳኝ ዋለ። ያን ቀን ጨዋታም የለ፣ ሰውም የለ። በሩ ጋ ስንደርስ ልጁ «ጡት» አለ። ልጄ ግራ ቀኝ ተገላምጣ ወደ መኪናው ሮጠች፤ መስኮቱንም ዘጋች።

«ማን ያይሻል ልጄ? ወንበሩ ነው የሚያይሽ?» ብላት፣ «እማዬ፣ በቃ ተይኝ» አለች። ልጁ ላቡ ጠፍ ጠፍ እያለ ጠባ።

በኛ ጊዜ ወልዲያ ገበያ የምንመጣው በኤንትሬ መኪና ጭነት ላይ ወጥተን ነበር። ሼኹም ቄሱም ከማሽላው ከረጢት ላይ እኩል ተቀምጠው ይንገጫገጫሉ። ልጅ ሲያለቅስ አንቀልባው ወደ ፊት ይዞራል፣ የቀሚሱ ደረት ይከፈታል፣ አለቀ። «ኧረ ለአራሷ ቦታ ልቀቁላት» ከማለት በቀር ማንም ምንም አይልም። ከዚያም ወሬያቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለ በሬ ዋጋ።

አሁን ዋናውን ልናገር፤ ጻፍ በደንብ። በኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ካንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ቀበሌውን አልናገርም፣ አንድ ጊዜ ኒካህ ሊታሰር ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ዱዓው ሊጀመር ሲል አንዲት አሮጊት «ቆዩ» አለች። «ይቺ ልጅ የሱን እናት ጡት ጠብታለች። ገበያ ላይ፣ እናቷ እህል ልታስፈጭ ሄዳ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።» ሌላዋም ከወዲያ ማዶ «እውነቷን ነው፣ እኔም ነበርኩ» አለች። ነገሩ ተጣራ፤ ጋብቻው ቀረ። እነዚያ ሴቶች ባያዩ ኖሮስ? ሻርፕ ውስጥ የጠባ ልጅ ምን ምስክር አለው? እናንተ ነውር የምትሉት የአደባባይ ጡት ለኛ መዝገባችን ነበር። ማን ከማን እንደጠባ አገር ያውቃል።

የኔን አራተኛ ልጅ እንኳ እኔ ታምሜ ስተኛ ያጠባችው ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ናት፤ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ መንገደኛው እያየ። እሱ እስከ ዛሬ እናቴ ነው የሚላት። በየፋሲካው ዶሮዋን እሱ ነው የሚገዛላት፤ የሚያርደው ሌላ ነው እንጂ።

ማታ ቡና ላይ ይሄን ስናገር አማቼ ስልኩን አወጣ። ያ ሰው ስልኩን ሳያማክር ከመቀመጫው አይነሳም። «እማማ፣ ይዩማ፣ ግንቦት ላይ ላሪሳ ዋተርስ የምትባል የአውስትራሊያ ሴናተር ምክር ቤት ውስጥ ልጇን አጥብታ ዓለም ሁሉ ዘገበው» አለኝ። ልጅ ጠባ ተብሎ ዜና! ያ ጋዜጠኛ ወልዲያ ገበያ አንድ ቀን ቢውል ወረቀት ይበቃዋል? ኋላም እንደነገሩኝ አሜሪካኖቹ እናት ሰው ፊት ማጥባት እንደምትችል በ50ውም ግዛት በሕግ ጽፈው የጨረሱት ገና በፈረንጆቹ 2018 ነው፤ መጨረሻዎቹ ዩታና አይዳሆ። ፈረንጅ መጀመሪያ ያፍርና ከዚያ ሕግ ያወጣል። የኛዎቹ ሕግ ሳያሻን የኖርነውን ትተው ማፈሩን ብቻ ተሸክመው መጡ።

ልጄም ዝም አላለችኝ። «አንቺ እኮ ቀኑን ሙሉ ከልጅሽ ጋር ነበርሽ» አለች። እዚህ ላይ እውነት አላት። እሷ ስትወልድ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 60 ቀን ብቻ ነበር። አርባውን አራስ ናት፤ የቀረው ሃያ ቀን ነው። ዛሬ 90 ሆኗል፤ በ2011 የወጣው አዋጅ 1156 የግሉንም መሥሪያ ቤት ይዞታል። እሷ ግን ቢሮ ቁጭ ብላ ጡቷ አግቶ ሸሚዟን ሲያርስ ነው የከረመችው። ስለዚህ ልጁ እናቱን ቀን በቀን ሲያገኛት ውዝፉን ጠየቀ። እረፍት የወጣው እሱ ነው፤ እሷማ ሥራ ገባች።

ይሁን። ግን እስከ መቼ? ቁርኣኑ ማጥባቱን መሙላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት ይላል። የጤና ኤክስቴንሽኗም ቤት ለቤት ስትዞር፣ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም ቅቤም እንዳታልሱ፣ ከዚያ ምግብ እየጨመራችሁ እስከ ሁለት ዓመት አጥቡ ነው የምትል። ሼኹና ኤክስቴንሽኗ ተስማምተውብኝ ለመጣላት እንኳ ምክንያት አጥቼ ነበር። አማቼ ጉሮሮውን ጠራርጎ «የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ነው የሚለው» አለ። «ከዚያም በላይ» የምትለዋን ማን ጨመራት? ሚዜ እስኪመርጥ ነው? ልጁ ይሄን ሲሰማ ጡቱን ለቀቅ አድርጎ «በላይ» አለ።

በወጉ ቢሆን ጡት የሚጥል ልጅ አያት ቤት ይቀራል። እናት ዘወር ትላለች፣ አያት ዳቦና ወተት እያስያዘች ታስረሳዋለች። «ትተሽልኝ ሂጂ፣ በሳምንቱ ስምሽንም አያነሳ» አልኳት። ልጁን ይጎዳዋል ብለው ባልና ሚስት ተንጫጩብኝ። እሺ፣ እንግዲያው እሬት። ጓሮ ወርጄ ቆርጬ መጣሁ፣ ፈሳሹን በጣቴ ጫፉ ላይ ቀባሁላት። አማቼ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አየሁት፤ ዘጋው። ልጁ መጣ፣ አንዴ ሳበ፣ ፊቱ ጭምድድ አለ፣ ምላሱን በዚያ በሻርፑ ጠረገ። አያለቅስም ብያችኋለሁ። እናቱን ቀና ብሎ አየና «ሂጂ ታጠቢ» አላት።

ታጥባ መጣች እኮ!