ሐይቁ ያልተጠራበት ስብሰባ

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል ነበር፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ዛሬ ውሃው ራሱ እየተሳሳቀ ይወሰዳል። የመውሰጃው ሥርዓት «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ይባላል። አትክልት አምራቹ፣ የአበባ እርሻው፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካው፣ የከተማው ውሃ አገልግሎት፣ ዓሣ አስጋሪውና ብሔራዊ ፓርኩ ሁሉም ወንበር አላቸው፤ ከፊታቸውም የታሸገ ውሃ። ሁሉም ለሐይቁ ያዝናሉ፤ ሁሉም ጥፋቱን ከጎረቤታቸው ደጅ ያገኙታል። ማምሻውን «በቅንጅት መሥራት ያስፈልጋል» የሚል የአቋም መግለጫ ይነበባል፣ አበል ይፈረማል፣ ፓምፑም ይነሳል። የቀረው አንድ ባለድርሻ ብቻ ነው፦ የአብያታ ሐይቅ።

መቅረቱ አይፈረድበትም፤ መንገድ ላይ ተይዞ ነው። የዝዋይን ሐይቅ የመቂና የቀታር ወንዞች ይሞሉታል፤ ከዝዋይ የተረፈውን የቡልቡላ ወንዝ ለአብያታ ያደርሳል። መቂና ቀታር በየማሳው ይጠለፋሉ፤ ዝዋይ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለጽጌረዳ ይቀዳል፤ ቡልቡላን ደግሞ ዳርና ዳር የተደረደሩ የናፍጣ ፓምፖች ይጠብቁታል። ውሃው ሲሸሽ ቱቦ ይቀጠላል። መውጫ የሌለው አብያታ የትራፊ ትራፊ ሲደርሰው፣ ፋብሪካው ያንኑ ወደ ገንዳ ስቦ ለፀሐይ ይሰጥለታል። ዓሣውም አለቀ። ከሻላ ሐይቅ ደሴት እየተነሱ እዚያ ይመገቡ የነበሩ ፔሊካኖች ፊታቸውን ወደ ሌላ ሐይቅ አዞሩ፤ አበል ስላልታሰበላቸው ይሆናል።

«ዝናብ ነው የጠፋው» የሚል አይታጣም። እውነት ነው፣ ሰማዩም ይሰስታል፤ ነገር ግን እዚያው ጎን፣ በዚያው ሰማይ ሥር ያለው የላንጋኖ ሐይቅ እንደ አብያታ አልሸሸም። ምሥጢሩ ከባድ አይደለም፤ ላንጋኖ ላይ ያን ያህል ፓምፕ አልተተከለበትም። ሌላው ደግሞ «ታዲያ ገበሬው ይራብ?» ይላል። ከላይ ያለው ፓምፕ ያለ ልክ ሲስብ ቀድሞ የሚደርቀው ግን የታችኛው ገበሬ ማሳ ነው፤ ልኬት ለወፍ ብቻ ሳይሆን ለእሱም ይቆማል። ሕግም አልጠፋም፦ አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቶ ውሃን በፈቃድ አስሮታል። ያለ ቆጣሪ የሚሰጥ ፈቃድ ግን የመጥለፊያ ቡራኬ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በቡልቡላ በኩል አብያታ የሚደርሰው መጠን በቁጥር ይወሰን፤ ከዚያ የቀረውን ባለድርሻዎቹ በቆጣሪ ይካፈሉ። ይህ ከከበደ ግን ምክክሩ ይቀጥል፤ ቀጣዩ መድረክ አብያታ ዳር ይሁን። ሐይቁ ጥሪ ባይደርሰውም፣ ወንበር የሚደረደርበትን ደረቅ መሬት አስፍቶ እየጠበቀ ነው።