ሽንኩርቱ ወደ ታች ወርዷል

ይድረስ ለእማዬ፣ ለጋሽዬ፣ ለእታለምና ለማሙሽ

እኔ ከናፍቆታችሁና ከሽንኩርት በቀር ምንም አልሆንኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬ፣ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል» እያልሽ በማማሰያ ታባርሪው የነበረው ልጅሽ ዛሬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ገብቶ ሽንኩርት ሲከትፍ ይውላል። እታለም፣ እንዳትስቂ። ያንቺን የፋሲካ ዶሮ ማን ረሳው?

የምንሠራው የፈረንሳዮችን የሽንኩርት ሾርባ ነው። ጋሽዬ፣ ሥጋው የታለ እንዳትል፤ መረቁ ውስጥ አለ ይሉሃል። ታዲያ ሥራ አስኪያጃችን ለሁሉም በየቋንቋው ላስረዳ ብሎ የአሠራሩን ወረቀት በስልኩ አስተርጉሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እንግሊዝኛው «ኩክ ዳውን» ይላል። ስልኩም ያለ አንዳች ሐፍረት «ሽንኩርቶቹን ወደ ታች አብስሉ» አለን።

በዚያው ሰሞን ከጎንደር የመጣ አንድ ልጅ ተቀጥሮ ነበር። ሲበዛ ትሑት ነው፤ የታዘዘውን ሳያንገራግር ይፈጽማል። ወረቀቱን አነበበ፣ ድስቱን ከነሽንኩርቱ ታቅፎ ወደ ምድር ቤት ወረደ። እዚያ የድንች ጆንያና መጥረጊያ እንጂ ምድጃ የሚባል ነገር የለም።

ሥራ አስኪያጁ ብቅ አለ። «ሽንኩርቱስ?»

«ዳውን ነው» አለ ዕቃ አጣቢው፤ ልጁ ሲወርድ በዓይኑ አይቷል።

«ጎበዞች!» ብሎ ሄደ። ቆይቶ ተመለሰ። «አሁንስ?»

«አሁንም ዳውን ነው።»

«እንዳያርባችሁ!»

«ኧረ እዚያ አያርም!»

ጉዱ የፈላው ሼፉ ድስቱን ሲፈልግ ነው። ተከታትለን ብንወርድ ልጁ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጥሬ ሽንኩርት ይጠብቃል። «ጋሼ፣ ወረቀቱ እንዳለው ወርጃለሁ፤ ማብሰያውን ነው ያጣሁት» አለኝ። ሼፉ ራሱን ያዘ።

ችሎቱ እዚያው ድንቹ መሀል ተሰየመ። ከኤል ሳልቫዶር የመጣችው ባልደረባችን የእነሱም ወረቀት ወደ ታች እንደሚልካቸው መስክራ፣ «ሶፍሬይር ነው መባል ያለበት» አለች። ሼፉ ደግሞ ጣልያን ሽንኩርቱን «ያጠወልገዋል»፣ ፈረንሳይ «ያቀልጠዋል» ብሎ ነገሩን አወሳሰበው። ይኼኔ እኔ ደረቴን ነፋሁና «እኛ እናቁላላዋለን» አልኩ። ሽንኩርት ከመቶ 89 እጁ ውሃ መሆኑን፣ እናቴ ዘይት ሳታስነካ በገዛ ውሃው እንደምታበስለው፣ ሊይዝባት ሲል ውሃ ጠብ እያደረገች ማማሰሉን እንደማታቆም አስረዳሁ። ከበርበሬውና ከቅቤው በፊት ስላለው ትዕግሥትማ እንደ ሰባኪ ነው የተናገርኩት። እንግሊዞቹ «ዳውን» የሚሉት ድስት ሙሉ የነበረው እየጎደለ ሲሄድ አይተው መሆኑን ልጁም ያኔ ገባው። ወረቀቱ ላይ «አቁላሉ» ብዬ አረምኩ።

«ስንት ደቂቃ?» አለ ሼፉ።

«እስኪበቃው።»

«እንደበቃው በምን ይታወቃል?»

«እናቴ ከሳሎን ሆና ትጮሃለች።»

ሼፉ 45 ደቂቃ ብሎ ጻፈ።

ባለፈው እረፍቴ እኔም ዶሮ ሠራሁ። አሥራ ሁለቱንም ብልት አወጣሁ፤ ጋሽዬ፣ ፈረሰኛው ያንተ ነበር። ቀርቦ ሳየው ለአንድ ሰው በዛ። ልደውል ብል እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ጠቅልዬ የማጎርሰው ባጣ እንቁላሉን ለራሴው አጎረስኩት፤ ሊያንቀኝ ምንም አልቀረው። የእታለም ጉርሻ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ ብዬ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበ።

ፎቶዬን አይታችሁ ያላችሁትም ደርሶኛል። «የተቁላላውስ እሱ ነው» ያለችው ማን እንደሆነች ማሙሽ ነግሮኛል። ማሙሽ፣ አንተም ወሬ ከምታቀብል ያንን እንግሊዝኛ አጥና፤ እዚህ ስትመጣ ምድር ቤት ነው የምትገኘው።

እማዬ፣ በርበሬዬ አልቋል። ሰው ሲመጣ ላኪልኝ፣ ኮረሪማውም እንዳይረሳ። የሚያሽገው ግን እታለም አትሁን፤ ባለፈው ሸሚዙ ሁሉ ተቀምሞ ነው የደረሰኝ።

ልጃችሁ